የወንጀል ሪከርድ ይዞ የአላስካ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር)፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

እዚህ ሲያትል ሚያዝያ አካባቢ ትላልቆቹ መርከቦች ብቅ ማለት ሲጀምሩ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ቤተሰቡ አላስካ ሊሄድ ነው፣ አባወራው ከዓመታት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነበር፣ ችግር አለው ወይ? አዎ፣ ሊኖረው ይችላል። ግን ሰው የሚፈራውና በእርግጥ የሚያስፈራው ነገር ለየቅል ነው። ሁሉም የሚጨነቀው ካናዳ ታስገባኛለች አታስገባኝም ብሎ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ግን ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባው ተመልሶ ሲያትል ወደብ ላይ የሚጠብቀውን ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ከብዙ ወገን ጋር ተቀምጬ ወረቀት ያገላበጥኩ ሰው ነኝ። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ መርከቡ የት የት እንደሚቆም እዩ። ከሲያትል ተነስተው አላስካ ደርሰው የሚመለሱት ትላልቅ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ መርከብ የሌላ አገር ወደብ ሳይነካ መንገደኛ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። ስለዚህ ካናዳ መቆም የግድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆሙት ቪክቶሪያ ነው፣ ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከመሸ በኋላ። ለዚያች ለጥቂት ሰዓት ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጣጣ።

«እኔ ከመርከቡ አልወርድም» የሚል አይጠፋም። ይሄ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የመንገደኞች ስም ዝርዝር አስቀድሞ ለካናዳ ድንበር ጠባቂዎች ይደርሳል፣ እነሱም የአሜሪካን የወንጀል መዝገብ ማየት ይችላሉ። ከቫንኩቨር የሚነሳ መርከብ ከሆነማ ቀድማችሁ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ካናዳ መግባት ስላለባችሁ ጥያቄው ገና ከመነሻው ይመጣል።

አሁን ወደ ጠጥቶ መንዳት። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው እንደ ከባድ የትራፊክ ቅጣት ነው የሚያየው፣ በካናዳ ሕግ ግን ወንጀል ነው። ከታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ጀምሮ ከፍተኛ ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስር ወደ 10 ስላደገ ከዚያ ቀን ወዲህ የተፈጸመው ከከባድ ወንጀል ይቆጠራል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የተፈጸመና አንድ ብቻ ከሆነ ቅጣታችሁን ከጨረሳችሁ 10 ዓመት ሲሞላ ካናዳ እንደታረመ ሰው ትቆጥራችኋለች፣ ማመልከቻም አያስፈልግም። ከዚያ ቀን በኋላ ከሆነ ግን ጊዜ ብቻውን አያጸዳውም።

ሰው የሚሳሳተው አቆጣጠሩ ላይ ነው። የሚቆጠረው ከተያዛችሁበት ቀን አይደለም፣ ፍርድ ቤት ከቀረባችሁበትም አይደለም። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀበት ነው፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ፕሮቤሽኑም (ከእስር ውጭ በፍርድ ቤት ክትትል የሚቆዩበት ጊዜ) አልቆ። በ2014 ተያዝክ እንበል፣ በ2015 ተፈረደብህ፣ እዚህ ዋሽንግተን ግዛት እንደተለመደው 5 ዓመት ፕሮቤሽን ተሰጠህና በ2020 ጨረስክ። 10 ዓመቱ የሚሞላው በ2030 ነው። «አስር ዓመት አልፎኛል» ብለህ በ2025 ብትሄድ ተሳስተሃል።

10 ዓመት ላልሞላው ወይም ጊዜ ለማያጸዳው ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅጣቱ ካለቀ 5 ዓመት ሲያልፍ «ታርሜያለሁ» ብሎ ለካናዳ ኢሚግሬሽን ማመልከት ነው። ከተፈቀደ ለዚያ ጥፋት ለሁልጊዜው ያልቃል። ግን ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ለከባድ ወንጀል ከሆነ ክፍያው ከ1,000 የካናዳ ዶላር በላይ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ጉዞ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፣ እሱ ከ200 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለመግባት በቂ ምክንያት ማሳየትም ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር ሽርሽር ጠንካራ ምክንያት አይደለም። ከተከለከላችሁ በሁለቱም ገንዘቡ አይመለስም። ስትጠየቁ ደግሞ አትዋሹ። ሪከርዱ ይታለፍ ይሆናል፣ ውሸቱ ግን በራሱ ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳትገቡ ያስከለክላል።

ዜጋ የሆናችሁ የኢሚግሬሽን ጣጣችሁ እዚህ ላይ ያበቃል፣ አሜሪካ ዜጋዋን አልቀበልም አትልምና። ግሪን ካርድ የያዛችሁ ግን ቀጣዩን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በመደበኛው ከጉዞ ሲመለስ እንደ ነዋሪ ነው የሚታየው። ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ አደንዛዥ ዕፅና የመሳሰለው ሪከርድ ካለበት ግን ሕጉ ልክ እንደ አዲስ ገቢ እንዲታይ ይፈቅዳል። ቤቱ ቢቀመጥ ማንም የማይነካው ሰው ቪክቶሪያ ላይ ለሁለት ሰዓት ቆሞ በመመለሱ ብቻ «ልግባ» ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ይሆናል። ሌላ ጥፋት ያልተቀላቀለበት አንድ ጠጥቶ መንዳት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ አይገባም። ለብዙዎች ጥሩ ዜና ነው፣ ግን ኬዙ ውስጥ ሌላ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ዕፅ፣ ነገሩ ይለወጣል። ማሪዋና በዋሽንግተን ግዛት ከ2012 ጀምሮ ሕጋዊ ቢሆንም ለኢሚግሬሽን አይሠራም፣ የሚሠራው የፌደራል ሕግ ነው።

አንድ ጓደኛዬ በሃያዎቹ ዕድሜው ሁለት ጊዜ ከሱቅ ዕቃ ይዞ ሲወጣ ተይዞ ነበር። «ተዘግቷል፣ ተሰርዟል» ተብሏል። አዲስ አበባም ሁለቴ ደርሶ ተመልሷል፣ ማንም ምንም አላለውም። ከአላስካ ሲመለስ ግን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት። ሚስቱና ልጆቹ ሻንጣ ታቅፈው ደጅ ሲጠብቁ ዋሉ። ግሪን ካርዱን ተቀብለው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይዞ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሲንከራተት አይቼዋለሁ። ከእሱ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። ከዚህ በፊት አልፌያለሁ ማለት ዛሬም ያሳልፋሉ ማለት አይደለም። ግዛቱ የሰረዘው ሪከርድም ለኢሚግሬሽን አልተሰረዘም፣ ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ከተቀበላችሁ እነሱ ጋ ፍርድ ነው።

ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጡ ወረቀታችሁን ሰብስቡ። ኬዙ ወደታየበት ፍርድ ቤት ሂዱና ጸሐፊዋን ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ ጠይቁ። የኤፍቢአይ ሪከርዳችሁንም በ18 ዶላር አሻራ ሰጥታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ እናንተ የረሳችሁት እዚያ ላይ ይኖራል። ሁለቱን ይዛችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂዱ፣ የወንጀል ጠበቃ አይበቃም። «ከአሜሪካ ወጥቼ ብመለስ ምን ይገጥመኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። የአንድ ሰዓት ምክር ከመርከቡ ትኬት በብዙ ይረክሳል።

ያልከፈላችሁት የትራፊክ ቅጣት ወይም የቀራችሁበት ቀጠሮ ካለ ዋራንት (የፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ) ወጥቶባችሁ እንደሆነ አጣሩ። መርከብ ሲመለስ ስም ሁሉ ስለሚታይ በአሮጌ ዋራንት ወደብ ላይ የሚያዝ ሰው አለ፣ ዜጋም ቢሆን። የጥገኝነት ኬዛችሁ ገና ያላለቀ ደግሞ ሪከርድ ኖረም አልኖረም እንዲህ ያለ መርከብ ላይ አትውጡ። የመውጫ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ከአገር ከወጣችሁ ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁት ሊቆጠር ይችላል።

ሪከርዱ ችግር ከሌለው ግሪን ካርዱ ብቻውን የሚበቃ እንዳይመስላችሁ። ካናዳ ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ያላለፈበት የአገራችሁን ፓስፖርትም ትጠይቃለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ አልፎበት እንደሆነ እዩት፣ ማሳደሱ ጊዜ ይወስዳል።

ጠበቃው «አትውጣ» ካላችሁ አላስካ ቀረ ማለት አይደለም። ከሲያትል እስከ አላስካ ዋና ከተማ ጁኖ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በቀጥታ፣ ድንበር የለም። እዚያ ደርሳችሁ በትንንሽ ጀልባ የበረዶ ግግርና ዓሣ ነባሪ ማየት ትችላላችሁ። ስካግዌይ ከሄዳችሁ ግን ወደ ዩኮን የሚወስድ የባቡርም ሆነ የአውቶቡስ ሽርሽር ካናዳ ስለሚገባ ሳታጣሩ አትሳፈሩ። መርከብ ካማራችሁ ደግሞ ከሲያትል በስተሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ነድታችሁ ቤሊንግሃም ሂዱ። የአላስካ መንግሥት ጀልባ ከዚያ ተነስቶ ካናዳ ወደብ ሳይቆም 38 ሰዓት ገደማ ተጉዞ አላስካ ውስጥ ያለችው ኬቺካን ያደርሳል። ቅንጦት የለውም። መኝታ ክፍል ያላገኘ ሰው ከላይ ድንኳን ተክሎ ያድራል፣ ልጆች ደግሞ ይሄን ይወዱታል። የአሜሪካ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) መኝታና የመኪና ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ገና በብርዱ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ያዙ።