ሩጫ ስናዘጋጅ የዕድሜ ምድብ ስያሜ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከመሐል ሜዳ በሌሊት ተነሥቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ልጅ፣ በዚያ ብርድ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ያንተ ምድብ ይኼ አይደለም» ከተባለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የተሳሳተው ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ክፍል ነው። በሰሜን ሸዋ በትምህርት ቤት፣ በወረዳም ሆነ በማኅበር ሩጫ የምታዘጋጁ ሁሉ እነዚህን ስህተቶች አስቀድማችሁ ብታርሙ ብዙ ልጅ ከኀዘን ታድናላችሁ።

የመጀመሪያው ስም ጽፎ ቁጥር መተው ነው። «ወጣት» ብቻ ብሎ መለጠፍ አይበቃም። በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው፤ በአትሌቲክስ ወጣት ስንል ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ያለውን ነው። የ27 ዓመት ሯጭ ፖሊሲውን ይዞ ቢከራከራችሁ ምን ትመልሳላችሁ? በዕድሜ ለበሰሉ ስፖርተኞች የሚከፈተው «ማስተርስ»ም ያው ነው፤ በአትሌቲክስ ከ35፣ በውኃ ዋና ከ25፣ ዲስክ ወደ ሰንሰለት ቅርጫት በሚወረወርበት በዲስክ ጎልፍ ደግሞ ከ40 ዓመት ይጀምራል። የዓለም ወጣቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮናም «ጁኒየር» የሚለውን ስሙን ትቶ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ከ20 ዓመት በታች» ተብሏል። ስሙን ከወደዳችሁት አቆዩት፤ ቁጥሩ ግን አጠገቡ ይኑር።

ከሁሉ የሚብሰው ዕድሜ በየትኛው ቀን እንደሚቆጠር አለመግለጽ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ከ18 በታች የሚባለው ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ 16 ወይም 17 ዓመት የሆነው ነው፤ ከ20 በታች የሚባለው በዚያው ቀን 18 ወይም 19 የሆነው። የእኛ ዓመት የሚለወጠው መስከረም ላይ ስለሆነ ችግሩ እዚህ ይፈጠራል።

የአንድ ክፍል ሁለት ልጆች አስቡ። የአንዱ ልደት ኅዳር 12 ቀን 2001፣ የሌላው ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ነው። ሩጫው የካቲት 2018 ከሆነ በፈረንጆቹ 2026 መሆኑ ነው። የኅዳሩ ልጅ በፈረንጆቹ 2008 ስለተወለደ 2026 ሳያልቅ 18 ይሞላዋል፤ ምድቡ ከ20 በታች ነው። የሚያዝያው ልጅ የ2009 ልደት ስለሆነ ገና 17 ነው፤ ምድቡ ከ18 በታች። መዝጋቢው የልደት ዓመቱን ወደ ፈረንጆቹ ሲለውጥ ለሁሉም ስምንት ከደመረ የኅዳሩን ልጅ ያለ አግባብ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ለሁሉም ሰባት ከደመረ የሚያዝያውን ከትልልቆቹ ጋር ያጋፍጠዋል። ትክክለኛው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ሰባት፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ለተወለደ ስምንት መደመር ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በሚቀጥለው ዓመት ወሰኑ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 21 ይሆናል። የመቁጠሪያውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ማስታወቂያው ላይ ጻፉት። ለማስተርስ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ሯጩ በውድድሩ ዕለት 35 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ብዙዎቹ ልጆች ሲወለዱ አልተመዘገቡም። የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሰነድ ወይም የቀበሌ ማስረጃ ተቀበሉ። በቁመትና በጢም መፍረድ በፍጹም ይቅር።

«እስከ 18» እና «ከ18 በታች» አንድ አይደሉም፤ አንድ ሙሉ ዓመት ይለያቸዋል። «ከ15–18» እና «ከ18–20» ብላችሁ ጎን ለጎን ከጻፋችሁም የ18 ዓመቱ ልጅ ሁለት ቤት አለው።

ዕድሜንና ደረጃን መቀላቀልም የተለመደ ነው። «ታዳጊ»፣ «አማተር»፣ «ክለብ»፣ «ማስተርስ» ተብሎ በአንድ መስመር ሲደረደር፣ የ36 ዓመት የክለብ ሯጭ የት ይግባ? ዲስክ ጎልፎች ይህን በደንብ ለይተውታል፤ አማተሩም ፕሮፌሽናሉም የየራሱ ከ40 በላይ፣ ከ50 በላይ እያለ የሚቀጥል ምድብ አለው። እናንተም በቅጹ ላይ ዕድሜን በአንድ ጥያቄ፣ የክለብ አባልነትን በሌላ ጠይቁ።

ዋናውን ምድብ «ከ20 እስከ 34» ብሎ መዝጋት ደግሞ በደል ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮን ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2:03:59 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 35 ሞልቶት ነበር። ማስተርስ መግባት መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የቻለ ከዋናው ጋር ይሩጥ።

በመጨረሻ የሴቶቹ ጉዳይ። ለወንዶች አራት ምድብ ከፍሎ ለእነሱ «ሴቶች» የሚል አንድ መስመር መተው በየዓመቱ የሚደገም ጥፋት ነው። የ16 ዓመቷ ተማሪና የሦስት ልጆች እናት በአንድ ሽልማት ይፎካከራሉ። ከደብረ ብርሃን አጠገብ ጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ ልጅ ከወለደች በኋላ ተመልሳ ነው በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. የበርሊንን ማራቶን ያሸነፈችው። ለወንዶች ያላችሁትን ምድብ ሁሉ ለሴቶችም ክፈቱ። ተመዝጋቢ ካነሰ ሁለቱን ተቀራራቢ ምድቦች አብራችሁ አስሩጡ፤ ውጤቱን ግን ለየብቻ አውጡ።