የቮልስ ሞተር ሲደክም፦ ይታደስ ወይስ ከውጭ ይታዘዝ?

በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ቢትል 1300፣ 1500 ወይም 1600 ሞተር ሲደክም ብዙ ባለቤት ወዲያው ሙሉ ሞተር ከውጭ ወደ ማዘዝ ይሮጣል። ፒስተንና ሲሊንደር ግን በአንድ ስብስብ ተገዝተው ይቀየራሉ፤ የእነሱ ማለቅ ብቻ ሞተር አያስጥልም። ወሳኙ ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) የሚይዘው፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚገጠመው የማግኒዥየም ብሎክ ነው። ብሎኩ ሳይለካ ገንዘብ አትላኩ።

ጉልበት ቀነሰ፣ ሰማያዊ ጭስ አለ
ሞተሩን አሙቁ፣ አራቱንም ካንዴላ አውልቁ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለኩ። ከ7 እስከ 9 ባር ጤነኛ ነው፤ ወደ 5 ከወረደ ጥገና ደርሷል። ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት እዚህ ያሳስታል፤ ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ ዘይቱ ከታች ይተኛል እንጂ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ዙሪያውን አይዘጋም። ይልቅ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሙ፣ ማርሽና የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ልቀቁና አድምጡ። በማርሚታ ካፏጨ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በካርቡሬተር ከሆነ የማስገቢያው፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ ነው።

3ኛውን ሲሊንደር ለይታችሁ እዩ። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እሱ የሚሄደውን አየር ስለሚያሞቅ ቫልቩ ቀድሞ ይጎዳል። በቀዝቃዛ ሞተር የተስተካከለው 0.15 ሚሜ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ሊሆን ይችላል። የቫልቩ ጭንቅላት ተቆርጦ ፒስተኑን ሳይበሳ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይውረድ።

ፑሌጃው (ቀበቶውን የሚያዞረው መዘውር) ሲሳብና ሲገፋ ይንኳኳል
ትክክለኛው የኮሎ ጨዋታ (ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት) ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሜ ነው፤ ከ0.15 ካለፈ ሞተሩ ይውረድ። ቮላኖው (ኮሎው ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ጥርሳም ክብ ብረት) ሥር ያሉት ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ክፍተቱን ያስተካክላሉ፤ ቁጥራቸው ሁልጊዜ ሦስት ነው፣ የሚቀየረው ውፍረታቸው ብቻ። ከዚያ በፊት ግን በቮላኖው በኩል ያለውን 1ኛ ብሮንዚን (ኮሎው የሚሽከረከርበትን ማቀፊያ) ተመልከቱ። ኮሎው ሲገፋ ብሮንዚኑም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ተቀጥቅጦ የሰፋው ብሎኩ ነውና ቀለበት መጨመር ከንቱ ነው። መፍትሄው ላይን ቦሪንግ (የብሎኩን የብሮንዚን መቀመጫዎች በአንድ መስመር ቦርዶ ማስፋት) ማስደረግና ውጫዊ ልኩ በ0.5 ሚሜ የጨመረ ብሮንዚን መግጠም ነው። ቀድሞ እስከ 1 ሚሜ ከተቦረደ ግን ብሎኩን መቀየር ይሻላል።

ሲሞቅ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል
መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከ0.5 ባር በታች ሲወርድ ስለሆነ በቀላሉ አትዩት። መጀመሪያ በጌጅ ለኩ፦ በ30 ቁጥር ዘይት፣ በ70 ዲግሪ ሙቀት፣ በ2500 ዙር ቢያንስ 2 ባር መኖር አለበት። ካነሰ ከሥር ያለውን የግፊት መቆጣጠሪያ ፒስተን አውጥታችሁ እጠቡ፤ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ካልተሻሻለ የዘይት ፓምፑን፣ ከዚያም ብሮንዚኑን ጠርጥሩ።

ቴስታታው ሥር ጭስና ዘይት ያፈሳል
ረጃጅሞቹ ቡሎኖች ከማግኒዥየሙ ጥርስ ነቅለው ይሆናል። ብሎኩ ላይ የብረት ጥርስ ይገጠምና ለ10 ሚሜ ቡሎን በ32፣ ለ8 ሚሜ በ25 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ከ3ኛው ሲሊንደር ኋላ ስንጥቅ ካለ ግን ማደሱ ድካም ብቻ ነው።

ከውጭ ሲታዘዝ
ሻጩ ብሎኩ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ፣ ስንት ጊዜ ተቦርዷል፣ ኮሎው በስንት ሚሜ ተከርክሟል የሚለውን በጽሑፍ ያስፍር። አሮጌውን ሞተር መልሱ ካለ የመላኪያው ዋጋ ከእናንተ ሂሳብ ላይ ይደመር። የቮላኖውን ጥርስ ቁጠሩ፤ የ6 ቮልት 109፣ የ12 ቮልት 130 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የዘይት መተላለፊያው ከ8 ወደ 10 ሚሜ ስለሰፋ የማቀዝቀዣው ጎማም በዚያው ልክ ይመረጥ። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ይገኛል፤ አዲስ ብሎክ ያለ ቁጥር ሊመጣ ስለሚችል የመኪናውን ምዝገባ ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የድሮው ሞተር ብሮንዚን በልቶ ከነበረ የዘይት ማቀዝቀዣውን ወደ አዲሱ አታዛውሩ። ውስጡ የቀረ የብረት ብናኝ በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ አዲሱንም ኮሎ ይፍቃል።