የትሪያል ሞተር ማፕ ማብሪያ «ለውጥ የለውም» ሲባል፦ ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጂዎች

ትሪያል መቀመጫ የሌላት፣ ድንጋይና ገደል በዝግታ የምትወጣ ሞተር ናት፤ በውድድር ነጂው እግሩን መሬት ባስነካ ቁጥር ነጥብ ይቀጣባታል። ዘመናዊዎቹ መሪያቸው አካባቢ ትንሽ ማብሪያ አላቸው። ሲዲአዩ (የካንዴላውን እሳት የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ውስጥ ሁለት ዓይነት የእሳት ሰዓት፣ ማለትም ማፕ፣ ተቀምጧል፤ ማብሪያው አንዱን ይመርጣል። ለስላሳው ማፕ ካንዴላው ትንሽ ዘግይቶ እንዲተኩስ ያደርግና የጉልበቱ አነሳስ ይለዝባል። በእኔ ግምት ለውጡ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ይህን ትንሽ ነገር የሚሸፍን ሌላ ችግር አለ።

ምልክት፦ ማብሪያውን ብቀያይረውም ያው ናት

መጀመሪያ አሞካከራችሁን እዩ። ቆማ ጋዝ ሳይሰጣት በሚኒሞ ስትሠራ ማብሪያውን ብትገለባብጡት ምንም አይሰማም። አስፋልት ላይ ጋዙን እስከ ጥግ ከፍቶ መብረርም አያሳየውም። ልዩነቱ የሚወጣው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እያዘገመ ጋዝ በድንገት ሲከፈትለት ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ እርጥብ ዳገት ፈልጉ፣ በሁለተኛ ማርሽ አዝግሙና ጋዙን ባንዴ ክፈቱ። ማብሪያውን ጓደኛችሁ ይቀይረው፣ የቱ ላይ እንዳደረገው ግን አይንገራችሁ። ሰው የከፈለበትን ነገር ለውጥ አለው ማለት ስለሚወድ፣ ሳያውቁ መሞከሩ ይሻላል።

እንዲህም ተሞክሮ ካልተለየ ከፍታውን ጠርጥሩ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። አየሩ በሳሳ ቁጥር ካርቡሬተር ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይሰጣል። ለቆላ የተስተካከለች ባለ ሁለት ምት ሞተር ደሴ ፒያሳ ላይ ስትነሳ ትታፈናለች፦ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጫፍ ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል፣ ጋዝ ሲከፈት ትንተባተባለች። የታፈነ ሞተር ላይ የጥቂት ዲግሪ የእሳት ሰዓት ለውጥ አይሰማም።

መፍትሄው ፊልትሮውን ከማጠብ ይጀምራል፤ የቆሸሸ ፊልትሮም ያንኑ ምልክት ያሳያልና። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ። ትሪያል አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው በሩብ ጋዝና ከዚያ በታች ስለሆነ ከዋናው ጄት (ነዳጅ ከሚያልፍበት ቀዳዳ) ይልቅ የሚኒሞው ጄትና መርፌው ናቸው ወሳኞቹ። የመርፌውን ክሊፕ አንድ ቦይ ወደ ላይ አውጡ፤ መርፌው ዝቅ ይልና ነዳጁ ይቀንሳል። በቂ ካልሆነ የሚኒሞውን ጄት በአንድ ቁጥር አሳንሱ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትንኩ፣ የቱ እንደሠራ አይታወቅምና።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ለደሴ አየር ልክ የሆነች ሞተር የሐረጎን ዳገት ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ነዳጅ ያንሳታል። ነዳጅ ያነሳት ባለ ሁለት ምት ሞተር ትግላለች፣ ፒስተኗም ሲሊንደሩ ላይ ሊነክስ ይችላል። በሁለቱም ከተማ የምትነዱ ከሆነ ለኮምቦልቻ አስተካክሉና ደሴ ላይ ትንሽ መታፈኗን ቻሉት። ኢንጀክሽን ያላቸው፣ ለምሳሌ ከ2005 ጀምሮ የተሠራችው ሞንቴሳ ኮታ ፎር አርቲ፣ ከዚህ የጄት ጣጣ ነፃ ናቸው።

ካርቡሬተሩም ደህና ከሆነ ሽቦው ይቀራል። በብዙዎቹ ላይ ማብሪያው የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ከሲዲአይ የሚመጣ አንድ ሽቦ ማሳ ያደርጋል (ከሞተሯ አካል ብረት ጋር ያገናኛል) ወይም ይለቃል። ሶኬቱን ንቀሉና በቴስተር ለኩ፦ በአንዱ በኩል መገናኘት፣ በሌላው መለያየት አለበት። ጭቃና ውሃ የበላው ሶኬት፣ ወይም መሪው ሲዞር ተጎትቶ የተበጠሰ ሽቦ ማብሪያውን ጌጥ ያደርገዋል።

ምልክት፦ ሐረጎ ላይ ጉልበት ያንሳታል

ይህ የማብሪያ ጉዳይ አይደለም። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ጠንካራው ማፕም ያንን አይመልስም። ፍሪሲዮኑ እንደማይንሸራተት ካረጋገጣችሁ በኋላ የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ በትልቅ መቀየር ይሻላል።

ምልክት፦ እርጥብ ላይ ጎማው ባዶውን ይዞራል

ለስላሳው ላይ አድርጉት፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። ማርሽ አንድ ከፍ አድርጎ መውጣትና የጎማውን አየር መቀነስ ከማብሪያው በላይ ይረዳሉ። ገንዘብ ለማውጣት ለተዘጋጀ ደግሞ ከባድ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ክብ ብረት) ወይም ቀስ ብሎ የሚከፍት የጋዝ እጄታ የበለጠ ይሰማል።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ብረት በብረት እንደመታ ድምፅ ትሰጣለች

ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ለስላሳው ማፕ እዚህ በእርግጥ ያግዛል፤ እሳቱ ስለሚዘገይ መንኳኳቱ ይቀንሳል። ቢሆንም ጋኑን አራግፋችሁ ደህና ቤንዚን ሙሉ። በነገራችን ላይ የከተማ ነጂዎችም ይህን ቴክኖሎጂ ሳያውቁት ይነዱታል፤ አንዳንድ የባጃጅ ፑልሳር ሞዴሎች ካርቡሬተራቸው ላይ ባለ ማግኔታዊ ማብሪያ ጋዙ ሲከፈት የእሳት ሰዓቱን ራሳቸው ይቀይራሉ።

ምልክት፦ የማስነሻ ፔዳሉ ሲረገጥ እግር መልሶ ይመታል

ማብሪያውን ተዉት። ሰዓቱ ራሱ ተዛብቷል፤ የስታተሩ (ከቮላኖው ሥር ያለው የእሳት ማመንጫ ሰሌዳ) ብሎኖች ላልተው ሰሌዳው ዞሯል፣ ወይም ቮላኖውን በቦታው የሚይዘው ትንሽ ብረት (ቁልፍ) ተቆርጧል። ክዳኑን ከፍታችሁ ሰሌዳውን ከፋብሪካው ምልክት ጋር አጋጥሙት፤ ቁልፉ ከተቆረጠ ሳትቀይሩት አታስነሷት።