ጠገራ ብር እውነተኛ መሆኑን በውሃ መለየት

ባሕር ዳር ገበያም ሆነ ዘጌ መንገድ ዳር ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) ለምትገዙ፦ ማግኔት ብቻ አትመኑ፣ ናስንም አይስብም። ትንሽ የወርቅ ሚዛን ይበልጣል።

ጠገራውን መዝኑ፤ ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አድርጉና ዜሮ አስይዙት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ግን ታችም ጎንም አይንካ፤ የተጣበቀ አረፋ ካለ ነቅነቅ አድርጉት። 2.75 ግራም አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው። ከ3.1 በላይ ከሆነ ተውት፣ አትግዙ። ሚዛኑ የሚያሳየው ጠገራው የገፋውን ውሃ ክብደት ነው፤ ናስ ከብር ስለሚቀል፣ ለዚያው ክብደት ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል።

ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ላይ ግን አይሠራም። ዕድሜውንም አይነግራችሁም፤ በኋላ የተመቱትም 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት ነው ያለባቸው።