በጨረር ከተለወጠ ሩዝ የሚጠቅመውን መስመር እንዴት መለየት ይቻላል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከጉማራ ወንዝ እስከ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ለሩዝ የተመቸ ነው። በዚህ ሜዳ ለረጅም ዓመታት በስፋት የተዘራው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ነው። ሩዝ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚዳቀል ሰብል ስለሆነ፣ አንድ ዝርያ ብቻ በሚዘራበት ማሳ ውስጥ አዳቃዩ የሚመርጥበት የዘረመል ልዩነት እምብዛም አያገኝም። ልዩነቱን ለመፍጠር ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ዘሩን ለጋማ ጨረር ማጋለጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ የተለቀቀው አጭሩ የሩዝ ዝርያ ካልሮዝ-76 የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነት መፍጠሩ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ከአፈርና ከውኃ የመጣውን ልዩነት ከዘረመል ከመጣው መለየት ነው።

በመጀመሪያ የአንድ ዝርያ ንጹሕ ዘር ይመረጣል፤ እርጥበቱም ከ12 እስከ 14 በመቶ እንዲሆን ይደረጋል። ለሩዝ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መጠን ከ150 እስከ 300 ግሬይ (የተወሰደ ጨረር መለኪያ) ቢሆንም ዝርያዎች ጨረርን የሚቋቋሙበት አቅም ስለሚለያይ፣ ጥቂት ዘር በተለያየ መጠን አስቀድሞ ተሞክሮ የችግኙ ቁመት ምን ያህል እንደቀነሰ ይታያል። ኮባልት-60 ከተባለው የጋማ ጨረር ምንጭ በወጣ ጨረር የተነካ ዘር ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ስለዚህ በእጅ መንካቱም ሆነ መዝራቱ አያሰጋም።

ከዚህ ዘር የሚበቅለው የመጀመሪያው ትውልድ ለምርጫ አይሆንም። የሚቀጭጨውና የሚመክነው ተክል በአብዛኛው የጨረሩን ጉዳት ነው የሚያሳየው፤ አብዛኛው የዘረመል ለውጥ ደግሞ ገና ተደብቆ ይቆያል። በዚህ ዓመት የሚፈለገው ከሥር ብዙ አገዳ እንዳይወጣ አጠጋግቶ መትከል፣ ከሌላ ሩዝ ብናኝ መጠበቅና የየተክሉን ዋና ዛላ ለየብቻ በወረቀት ከረጢት መሰብሰብ ነው።

የሥራው ልብ ሁለተኛው ትውልድ ነው። የአንድ ዛላ ዘር በአንድ መስመር ይዘራል። የተደበቀው ለውጥ ከአራት ተክሎች በአንዱ ላይ ይገለጣል ተብሎ ቢታሰብ፣ ቢያንስ አንዱን ለማየት 95 በመቶ ዕድል እንዲኖር 11 ተክል ያስፈልጋል። ሆኖም በጨረር የተነካ ተክል ሁሉም ክፍሎቹ እኩል ስለማይለወጡ ከ20 ባያንስ ይመረጣል። በችግኝ መደቡ ላይ ከአረንጓዴዎቹ መካከል እንደ ወረቀት የነጡ ችግኞች ብቅ ካሉ ጨረሩ መሥራቱን ያመለክታሉ፤ የዘሩን ስንቅ ሲጨርሱ ስለሚሞቱ ቶሎ ቆጥሮ መመዝገብ ይገባል። ከዚያም ከወላጁ (ጨረር ካልነካው ዝርያ) ቀድሞ ያዘረዘረ፣ ያጠረ ወይም ሙሉ ፍሬ የቋጠረ ተክል ሲገኝ መለያ ይታሰርበታል። በጣና ዙሪያ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ስለሚጠጋ፣ የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ የሚመጣው የሌሊት ቅዝቃዜ ዛላ በሚወጣበት ወቅት ከደረሰ ፍሬውን ያመክናል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ከቁመት ይልቅ ቀድሞ ማዘርዘርንና በዛላው ላይ የሞላውን ፍሬ ብዛት ማስቀደም ይሻላል።

ከአንድ ምርጥ ተክል የወረደው ዘር መስመር ይባላል፤ በሦስተኛው ትውልድ የተመረጡት መስመሮች ለውጡን ይዘው መዝለቃቸው ይታያል። ልኬቱ የሚጀምረው ዘሩ ሲበረክትና መስመሩ ሲረጋ ነው። እያንዳንዱ መስመር በሦስት ድግግሞሽ ይዘራል፤ ጨረር ያልነካው ወላጅም በየድግግሞሹ መካከል ይገባል። በዋልካ አፈር ላይ የማሳው ረባዳ ጥግ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ፣ እዚያ የወደቀ መስመር ያለ በቂ ምክንያት ረጅም ወይም አጭር ሊመስል ይችላል፤ ወላጁ አጠገቡ ከሌለ ማንም ይታለላል። የማሳውን ዳር ትቶ ከመካከሉ የተወሰኑ ተክሎችን ቁመት፣ የዛላ ርዝመት፣ ግማሹ ተክል ያዘረዘረበትን ቀንና የሺህ ፍሬ ክብደት መመዝገብ ይበቃል።

ስሌቱ ከሚያስፈራው ያነሰ ነው። ለምሳሌ በቁመት፣ በመስመሮች መካከል ያለው አማካይ ስኩዌር (ከልኬቶቹ የሚሰላ የልዩነት መጠን) 130፣ የስሕተቱ፣ ማለትም ከመስመሮቹ ያልመጣው ልዩነት፣ 10 ቢሆን፣ ከ130 ላይ 10 ተቀንሶ ለድግግሞሹ ብዛት ለ3 ሲካፈል የዘረመሉ ልዩነት 40 ይሆናል። ይህ ለ50 (40 ሲደመር 10) ሲካፈል 0.8 ይመጣል፤ ከሚታየው ልዩነት 80 በመቶው ከዘረመል የመጣ ነው ማለት ነው። በዚህ ባሕርይ በዓይን መምረጥ ያዋጣል። ውጤቱ 0.2 ቢሆን ግን፣ ብዙ ጊዜ በምርት ላይ እንደሚታየው፣ በአንድ ማሳና በአንድ ዓመት መምረጥ ድካም ብቻ ነው።

በመጨረሻ መስመሮቹ በሁሉም ባሕርያቸው ተመሳሳይነት በየምድብ ይከፈላሉ፤ ለማዳቀል የሚመረጡትም ከተራራቁ ምድቦች የመጡና እያንዳንዳቸው ጥሩ የሆኑ ናቸው። አንዱ በሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚያዘረዝር ከሆነ፣ ብናኙ ሌላው እስኪደርስ ስለማይቆይ፣ ቀዳሚውን በየሳምንቱ ከፋፍሎ መዝራት ያስፈልጋል።