ጉዳይዎን ለክልል ምክር ቤት ተመራጭዎ ሲያቀርቡ

የአማራ ክልል ምክር ቤት የሚሰበሰበው ባሕር ዳር ስለሆነ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ ተመራጩን በቀላሉ የሚያገኘው ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመለስ ነው። የመራጭና ተመራጭ ውይይት መቼ እንደሚካሄድ ቀበሌዎን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቀኑ በደሴ ከሰኞ ገበያ ጋር ከተጋጨ ነጋዴውና ገበሬው ስለሚቀሩ፣ እንዲለወጥ ማሳሰብ ተገቢ ነው።

ሰው አብዝቶ የሚንገላታው ጉዳዩ የማን እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ነው። የሰፈር ቦይ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ሲሆን፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን በፌዴራል መንግሥት ሥር ስለሆነ ጥያቄው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ይቀርባል። የክልሉ ተመራጭ አቅም የሚታየው ምክር ቤቱ ራሱ ባወጣቸው ሕጎች፣ ለምሳሌ በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ላይ ነው። አዋጁ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ስለታተመ፣ የሚመለከትዎትን አንቀጽ አንብበው ቁጥሩን በማመልከቻዎ ላይ ይጥቀሱ።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፦ ምን እንደደረሰ፣ መቼ፣ የትኛው ጽሕፈት ቤት ምን መልስ እንደሰጠ፣ እርስዎስ ምን እንደሚጠይቁ። የይዞታ ደብተርዎን ኮፒ ያያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ። ፍርድ ቤት የወሰነውን ተመራጩ ሊሽረው እንደማይችል ይወቁ፤ ሕጉ እንዲሻሻል ግን ሐሳብ ማንሳት ይችላል።

በሚቀጥለው ውይይት ላይ ጥያቄዎ የት እንደደረሰ በሕዝብ ፊት ይጠይቁ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 መሠረት፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት ይችላል።