ቤት ሲገዙ፦ ከቀብድ እስከ ስም ዝውውር

አዲስ አበባ ውስጥ ካርታው ትክክለኛ የሆነ ቤት ገዝቶም ገንዘብ የሚያጣ ሰው አለ። ሻጩ ብቻውን ሊሸጠው የማይችለውን ቤት ሸጦለት ይሆናል፤ ወይም ክፍያው ከምዝገባው ቀድሞ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ አንድ ነገር ይጠብቃሉ፦ ማስረጃው ሳይቀድም ብር እንዳይወጣ።

1. ካርታውን ከመሬቱ ጋር ያመሳክሩ

ዋናውን ካርታ ይዩ፤ በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም። ስሙ ከሻጩ መታወቂያ ጋር እስከ አያት ድረስ አንድ መሆን አለበት። ሜትር ይዘው ይሂዱና ግቢውን ይለኩ። አጥሩ ካርታው ላይ ካለው ወሰን አልፎ ከሆነ ትርፉ መሬት የሻጩ አይደለምና ዋጋ ውስጥ አይግባ። ይዞታው ሊዝ (ለተወሰነ ዓመት ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ መሬት) ከሆነ ምን ያህል እንደተከፈለ፣ ምን ያህል እንደቀረና ስንት ዓመት እንደሚቀረው ይጠይቁ። ቀሪውን ሊዝ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቁ ለእርስዎ ይተርፋል።

2. ዕዳና እገዳ ያጣሩ

ማጣሪያውን መጠየቅ ያለበት ባለይዞታው ስለሆነ ሻጩን ይዘው ክፍለ ከተማ ይሂዱ። ባንክ አስይዞት እንደሆነ፣ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት የሚታወቀው እዚያ ነው። ከሁለት ወር በፊት የወጣ ማስረጃ ይዞ «ንጹህ ነው» የሚል ደላላ አይመኑ፤ እግድ በአንድ ቀን ይመጣል። ማጣሪያው ውል ከሚፈርሙበት ቀን ጋር የተቀራረበ ይሁን።

3. ሻጩ ብቻውን መሸጥ ይችላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና ጊዜ ይስጡት። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ውስጥ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ ቤት ለመሸጥ ደግሞ አንቀጽ 68 የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ውሉ መደረጉን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ውሉ ሲፈርስ ሻጩ ገንዘብዎን መመለስ አለበት። ብሩን ግን አጥፍቶት ከሆነ የሚተርፍዎት ፍርድ ቤት የወሰነልዎት ወረቀት ነው፤ በመካከሉ የቤት ዋጋ ጨምሮ ከሆነም በዚያው ብር ያንን ቤት አያገኙትም።

«ያላገባ» የሚለው ማስረጃ አያዘናጋዎ። ወረቀቱ የሚናገረው ስለዛሬ ነው፤ ቤቱ ሲገዛ ወይም ሲሠራ ስለነበረው ትዳር አይናገርም። ባለፈው ዓመት የተፋታ ሰው ዛሬ ያላገባ ማስረጃ ማውጣት ይችላል፤ የቀድሞ ሚስቱ ድርሻ ግን ቤቱ ውስጥ እንዳለ ነው። ስለዚህ ካርታው የወጣበትን ዓመትና ቤቱ የተገኘበትን መንገድ ያዩና የሻጩን የትዳር ታሪክ በዚያ ዘመን ይጠይቁ። የተፋታ ከሆነ የፍቺውን ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ይጠይቁ። የትዳር ጓደኛ ሞቶ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ በሙሉ ይፈርማሉ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይቅረብ። ሳይጋቡ ቢያንስ ለ3 ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ንብረትም የጋራ ሊሆን ስለሚችል ጎረቤት መጠየቅ አይፈሩ።

4. በውክልና የሚሸጥ ከሆነ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ቃል መሸጥን አያካትትም። መሸጥ፣ ዋጋ መቀበልና ስም ማዛወር እያንዳንዳቸው ይጻፉ። ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ካለፈ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ (ውልና ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት) ይቀርባል። ወካዩ ከሞተ ወይም ከሻረው ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ በፊርማው ሳምንት ወካዩን በቪዲዮ አግኝተው ያነጋግሩ፤ ውክልናው አለመሻሩንም ያጣሩ።

በእጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም መሸጥ የሚፈቀድበት ጊዜ ሳይደርስ፣ ውክልናና ዋጋውን እንደ ብድር የሚቆጥር ውል ብቻ ይዞ «መግዛት» የተለመደ ነው። አይግቡበት። ባለ እጣው ቢሞት ወራሾቹ ቤቱን ይጠይቃሉ፤ እርስዎ አበዳሪ ነዎት እንጂ ባለቤት አይደሉም።

5. ቀብድ

ትንሽ ይሁን፤ በጽሑፍም ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ነገር ግን ቤትን የሚመለከት ውል በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ ስላለበት፣ ደላላ ቤት የተፈረመ ወረቀት ይዞ እጥፍ ማስከፈል ከባድ ነው። ትልቁ ገንዘብ ውልና ማስረጃ ፊት እስኪፈርሙ ድረስ አይነካ።

6. ውልና ማስረጃ

ሻጭ፣ የትዳር ጓደኛና ገዢ ዋናውን መታወቂያ ይዘው ይቀርባሉ። ውሉ ላይ ዋጋው በእውነተኛው ልክ ይጻፍ። ግብር ለመቀነስ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ለገዢው ትልቅ አደጋ ነው፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ በፈራሚዎች መካከል የሚታመነው የተጻፈው ነው፤ ውሉ ቢፈርስም የሚመለስልዎት ያው ነው። የስም ዝውውር ወጪን፣ የግብርና የሊዝ ዕዳን፣ የመብራትና የውኃ ቀሪን ማን እንደሚችል፣ ቤቱን መቼ እንደሚረከቡ፣ የዘገየ ወገን ምን እንደሚከፍል በቁጥር ያስገቡ። ክፍያው በሲፒኦ (ባንክ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን።

7. ስም ዝውውር

ነገሩ በፊርማው አያልቅልዎትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው ሲመዘገብ ነው። ካርታው በሻጩ ስም እስካለ ድረስ ለሻጩ ያበደረ ሰው ሊያሳግደው ይችላል። በሚቀጥለው ቀን ክፍለ ከተማ ይግቡ። የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ) ማውጣት የሻጩ ሥራ ነውና ከዋጋው ጥቂቱን ስሙ እስኪዞር እንዲቆይ ውሉ ላይ ይጻፉ፤ የቀረው ገንዘብ ካለ ሻጩ ስልክዎን ያነሳል። ቁልፍ ሲረከቡ የቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንስተው ሁለታችሁም የርክክብ ወረቀት ላይ ፈርሙ።